መጽሐፍ በዓይንና መጽሐፍ በጆሮ
ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ንባብና ትረካ የቀረበ ሐተታ

በዚህ ዘመን መጽሐፍ የሚወድ ሰው በሁለት በር ወደ አንድ ቤት የሚገባ ሆኖአል። ማታ በመብራት ሥር ተቀምጦ ገጽ ይገልጣል፤ ጧት ወደ ሥራው ሲሄድ ደግሞ ከእጅ ስልኩ የተቀዳ ትረካ ይሰማል። አንዱን መጽሐፍ በዓይኑ ጀምሮ በጆሮው የሚጨርስም አይታጣም። ከዚህም የተነሣ በተማሩ ሰዎች መካከል አንድ ክርክር ይሰማል፤ ይኸውም፥ «መጽሐፍን የሰማ ሰው አነበብሁ ለማለት ይችላልን?» የሚል ነው። እኩሌቶቹ፥ መስማት የሰነፍ ንባብ ነው፥ ፊደልን ያስረሳል፥ ይላሉ። እኩሌቶቹም፥ ቃሉ ያው ቃል ከሆነ በዓይን ቢገባ በጆሮ ቢገባ ምን ልዩነት አለው፥ ይላሉ። በእኛ አሳብ ሁለቱም ወገኖች ከነገሩ ግማሹን ብቻ ይዘዋል። ስለዚህ አንድ የታወቀ መጽሐፍ በሁለቱም መንገድ መርምረን፥ ከየትኛው ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚቀር ለይተን ለማሳየት እንወዳለን።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» ሲል ግን አናገረ፥ እንዲናገር አደረገ እንደ ማለት ሆኖ ለመጽሐፍ ይነገራል። በቃሉ ትውልድ ብንሄድ እንግዲህ አንባቢ ማለት ዝም ያለውን ጽሕፈት የሚያናግር ሰው ነው። በግብረ ሐዋርያት በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ቀርቦ ሰማው። ጃንደረባው በልቡ ብቻ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ የያዘውን መጽሐፍ ባላወቀ፥ ያንንም የታወቀ ጥያቄ ባልጠየቀው ነበር። አውግስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ በ6ኛው ክፍል፥ የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያሰማ ማንበቡን ሊነገር እንደሚገባው ነገር ቈጥሮ ጽፎታል። ዮሐንስም በራእዩ መግቢያ ላይ የሚያነበውን ሰው ለብቻ፥ የሚሰሙትን ለብቻ ጠቅሶ ሁለቱንም ብፁዓን ይላቸዋል።

በእኛም አገር ነገሩ እንደዚሁ ነው። ልጅ በንባብ ቤት ፊደል ከለየ በኋላ ግእዝ ንባብ፥ ውርድ ንባብ፥ ቁም ንባብ እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይማራል። መምህሩም ብዙ ጊዜ የሚያርመው መጽሐፉን እያየ ሳይሆን የልጁን ድምፅ እየሰማ ነው። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የንባብ ሥርዓቶች በብራናው ላይ ምልክት የላቸውም፤ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ይተላለፋሉ። ሕዝቡም ስንክሳሩንና ተአምረ ማርያምን ቆሞ በጆሮው ይቀበላል። ስለዚህ «የሰማ አላነበበም» ብሎ በጭፍን መፍረድ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ሁሉ ያለ መጽሐፍ የኖሩ ሰዎች ማድረግ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፍርድ እኛ አንቀበለውም።

በመኪና የተቀዳው ንባብ አነሣሡም ቢሆን ለስንፍና አልነበረም። ኤዲሶን ድምፅ የሚቀዳውን ፎኖግራፍ በ1877 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ካወጣ በኋላ፥ መጽሐፍን በሙሉ በሸክላ የማስቀረት ሥራ በአሜሪካ በ1934፥ በእንግሊዝ በ1935 ለዓይነ ስውራን ተጀመረ። በእንግሊዝ ከመጀመሪያዎቹ አድማጮች መካከል በ1914 በጀመረው ታላቅ ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩባቸው። የአንዱ ሸክላ አንድ ገጽታ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ንባብ ብቻ ይይዝ ስለ ነበረ፥ አንድን መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ሸክላ መደርደር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ክምር በኪስ በሚያዝ ስልክ ውስጥ ገብቶአል። መንገዱ ቀለለ፤ ነገር ግን መንገዱ ሲቀል መንገደኛው የሚሄድበትን እንዳይረሳ ያሠጋል።

አሁን ወደ መጽሐፋችን እንመለስ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በዚያው አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በቅኔ ያደጉ፥ በ1996 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። የታሪኩ ባለቤት በዛብህም ወላጆቹ ስለት ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የማንኩሳ ልጅ ነው። ቅኔ ተምሮ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሲሆን የደረሰበትን መጽሐፉ ይተርካል። መጽሐፉ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ዝነኛው የመድረክ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ተረከው። ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል። በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ታሪኩን ከገጹ አስቀድሞ ከዚህ ድምፅ የተቀበለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የዓይንንና የጆሮን ነገር ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አናገኝም።

የትረካው የመጀመሪያ ትርፍ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ለዚህ ምልክት እንደሌለው የታወቀ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፥ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። «ይበላል» አንድ ጊዜ በዪውን፥ ሌላ ጊዜ የሚበላውን ያሳያል። ዓይን በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ሲደርስ ወደ ፊት አይቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈታዋል፤ ጆሮ ግን የተፈታውን ይቀበላል። የሚገርመው ነገር፥ ደራሲው ራሳቸው ይህን ጕድለት አይተው በዚሁ መጽሐፋቸው በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ እያኖሩ መጻፋቸው ነው። ልማዱ በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ አልተስፋፋም፤ አሳቡ ግን ጥልቅ ነው። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ጽሕፈት ያለ ድምፅ ሙሉ እንዳልሆነ ያውቃልና፥ ድምፁን በነጥብ አስሮ ከወረቀቱ ላይ ለማስቀረት ሞከረ። እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ሲታተም ተራኪ የሚጠብቅ መጽሐፍ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሁለተኛው ትርፍ የንግግሩ ለዛ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መኳንንትም ካህናትም ገበሬዎችም እንደየማዕረጋቸው ይናገራሉ። አንባቢ ሰው፥ ይልቁንም የከተማ ልጅ፥ የጎጃምን የገጠር አነጋገር በዓይኑ ሲያልፈው ሁሉንም በራሱ በአንድ ድምፅ ያነበዋል፤ ፊታውራሪውና ገበሬው በልቡ ውስጥ እኩል አፍ ይኖራቸዋል። ጥሩ ተራኪ ግን ጌታውን እንደ ጌታ፥ ጭሰኛውን እንደ ጭሰኛ ያናግራቸዋል። ወጋየሁ የባለታሪኮቹን ድምፅ እየለየ ሲተርክ ያገኘው ምስጋና በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚገባውም ነው። ልመና፥ ሽምግልና፥ ፉከራና ሙግት ቀድሞውንም የአፍ ነገሮች ስለ ሆኑ፥ በድምፅ ሲመጡ ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ ይቈጠራል።

ሦስተኛውም ትርፍ የሰሚው ብዛት ነው። ፊደል ያልቈጠሩ እናት፥ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፥ ዓይነ ስውሩ ሊቅ፥ በመንገድ ላይ ያለ ነጂ፥ ሁሉም የመጽሐፉ ባለ ርስት ሆኑ። በየጉባኤው በዓይነ ስውርነታቸው ምክንያት ከመጽሐፍ ያልተለዩ መምህራን መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ላይ አይከራከርም። በባሕር ማዶ የተወለዱ ልጆችም አሉ፤ አማርኛን በቤታቸው ይሰማሉ፥ ፊደሉን ግን አያውቁትም። ለእነዚህ ልጆች ትረካ ድልድይ ነው። ዳሩ ግን ድልድይ የሚሠራው ለመሻገሪያ ነውና፥ ወላጅ ልጁን በድልድዩ መካከል ትቶት እንዳይሄድ ያስፈልጋል። የሰማውን ታሪክ በፊደል ገልጦ እንዲያይ ማድረግ የወላጅ ፈንታ ነው።

ትርፉ ይህ ከሆነ ጕዳቱስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ጕዳቱ ከዚያው ከትርፉ ይወጣል። ድምፅ ያብራራል፤ ሲያብራራም ይመርጣል። በዚህ ላይ የቅኔ ተማሪ የሚያውቀው አንድ ምስጢር አለና በራሳችን ምሳሌ እንግለጠው። «ዋናውን ያወቀ ሰው ከጥልቁ አይፈራም» ብሎ አንድ ሰው ቢጽፍ፥ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ የነገር ራስ፥ የሁሉ አለቃ ነው። በገጹ ላይ ሰሙና ወርቁ በአንድ ልብስ ተሸፍነው ይኖራሉ፤ ዓይንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ተራኪው አፉን በከፈተ ጊዜ ግን አላልቶ ቢያነበው ወርቁ ይሸሸጋል፥ አጥብቆ ቢያነበው ሰሙ ይቀልጣል። ባለቅኔ በጉባኤ ሲቀኝ ይህን ያውቃል፤ አድማጮቹም ሊቃውንት ስለ ሆኑ በአንዱ ድምፅ የተሸሸገውን ሌላውን ፈልገው ያገኙታል። በስልክ ትረካ የሚሰማው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ የተሰጠውን አንዱን ፍቺ ይዞ ያልፋል፥ ሌላ ፍቺ እንደ ነበረም አያውቅም።

ይህ ነገር በቃል ብቻ አይወሰንም፤ በሰውም ላይ ይደርሳል። ጉዱ ካሣን እንውሰድ። ይህ ሰው የአገሩን ልማድና ሥርዓት ስለሚነቅፍ ጎረቤቶቹ እንደ እብድ ያዩታል፤ ስሙንም ከዚያ የተነሣ አወጡለት። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ረጅም ነቀፋውን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ ይሥቅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ያፍራል፤ ከዚያም ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ፥ «ይህ ሰው እብድ ነውን ወይስ ከሁላችን የሚሻል ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ደራሲው ጥያቄውን ለአንባቢው ሕሊና አኑረውታል። ተራኪ ሁሉ ግን እዚህ ላይ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ካሣን በሚያስቅ ድምፅ ቢያናግረው ጥያቄው ቀልድ ይሆናል፥ በነቢይ ድምፅ ቢያናግረው ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ይመለሳል። ይህ የተራኪ ስሕተት አይደለም፤ የድምፅ ጠባይ ነው። ነገር ግን ያን ድምፅ ብቻ የሚያውቅ ሰው የራሱን ፍርድ ለመስጠት ዕድል አላገኘም።

በዚህም ምክንያት ትረካን ከትርጓሜ ጋር ማመሳሰል የሚገባ ይመስለናል። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል አንሥቶ ይህ ነው ይላል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ እንደ ገና «አንድም» ይላል። ተራኪም ተርጓሚ ነው፥ ነገር ግን «አንድም» የማይል ተርጓሚ ነው። የወጋየሁ ድምፅ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ትልቅ አንድምታ ነው፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን በዓይኑ ሲያነብ እንኳ በልቡ የሚሰማው ያን ድምፅ ነው። አንድምታው መልካም ስለ ሆነ ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ትርጓሜ ምንም ቢያምር ከንባቡ አይቀድምም፥ ንባቡንም አይተካም። ሁለተኛውን «አንድም» ለማግኘት ወደ ገጹ መመለስ ያስፈልጋል።

ሌላው ጕዳት የጊዜ ነገር ነው። መጽሐፍ በአንባቢው ፍጥነት ይሄዳል፤ አንባቢው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ሩብ ሰዓት ቢቆም መጽሐፉ ይጠብቀዋል። ድምፅ ግን አይጠብቅም። ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ በጆሮ ሲሰማ፥ የታሪኩ ሩጫ አድማጩን ይዞት ይሄዳል፤ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡበት ክፍል ሲሰማ ልብ ይሰቀላል። ነገር ግን ደራሲው ስለ ግብርና ስለ ጭሰኛነት፥ ስለ ዘርና ስለ ማዕረግ በእርጋታ የሚመረምሩት ክፍል በዚያው ሩጫ ያልፋል። ሰሚው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ይጠባበቃል እንጂ አሁን የተባለውን አያመዛዝንም። ዛሬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ልማድ አለ፤ መኪናው ድምፁን ለማፋጠን ስለሚችል ትረካውን እጥፍ አፋጥነው የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ተራኪው የተነፈሰበትን፥ ዝም ያለበትን ቦታ ቈርጦ መጣል ነው፤ ዝምታ የነገር ክፍል መሆኑን ግን ዜማ የተማረ ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛው ጕዳት የልብ መከፈል ነው። ዓይኑ በመጽሐፍ ላይ ያለ ሰው እጁ ሌላ ሥራ አይሠራም። ጆሮው በትረካ ላይ ያለ ሰው ግን ወጥ ያማስላል፥ መኪና ይነዳል፥ ዕቃ ይቈጥራል። ይህ ለቀላል ታሪክ አይከፋም፤ ሥራውንም ያቀልለታል። ለከባድ መጽሐፍ ግን ግማሽ ልብ መስጠት ምንም እንዳለመስጠት ነው። ጆሮ ክዳን የለውም፤ ልብ ግን ክዳን አለውና፥ ቃሉ በጆሮ ገብቶ በልብ ደጅ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድር ነው? የሁለቱን ድንበር የሚለየው የመጽሐፉ ጠባይ ነው እንላለን። ወደ ፊት የሚያስኬድ መጽሐፍ ለጆሮ ይስማማል፤ ወደ ኋላ የሚያስመልስ መጽሐፍ ለዓይን ይስማማል። ልብ ወለድ ታሪክ፥ ተውኔት፥ የጕዞ ወሬ፥ ሰው ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው፥ እነዚህ ቢሰሙ ብዙ አይጐድሉም፤ አንዳንዶቹም ይጨምራሉ። ቅኔና ትርጓሜ፥ ሕግና ሰዋስው፥ ዓመተ ምሕረትና ሐረገ ትውልድ የበዛበት ታሪክ ግን ገጽ ይፈልጋሉ፤ እርሳስም ይፈልጋሉ። ግጥም ከሁለቱ መካከል ነው፤ መጀመሪያ በድምፅ ተሰምቶ ቀጥሎ በዓይን መታየት ይገባዋል። ደግሞ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ታላቅ ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ ሊነበብ ስለሚገባው፥ አንዱን ጊዜ ለጆሮ፥ አንዱን ጊዜ ለዓይን መስጠት መልካም ሥርዓት ነው። በጆሮ የጀመረ በዓይኑ ይድገመው፤ በዓይኑ የጀመረም የሸሸውን ለዛ ከድምፁ ይፈልገው።

ለተራኪዎችም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፥ ቃሉን ከማንበባቸው በፊት መጥበቁንና መላላቱን ይመርምሩ። በልብ ወለዱ ውስጥ የግእዝ ቃል ሲያጋጥም በአማርኛ ልማድ እያጠበቁ አይለፉት፤ ተነሽና ወዳቂ የሚያውቅ ሰው በየደብሩ አለና ጠይቀው ያንብቡት። ሁለተኛው፥ ከመጽሐፉ የቈረጡት ክፍል ካለ በግልጥ ይናገሩ፤ የተቈረጠውን ሙሉ ነው ብሎ ማሰማት አድማጭን ማታለል ነው። ሦስተኛው፥ የደራሲውን መብት ይጠብቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶአል፤ ሆኖም ያለ ደራሲው ወይም ያለ ወራሾቹ ፈቃድ ተቀድቶ የሚበተን ትረካ ዛሬም ይሰማል። የደራሲን ቃል ወድዶ እንጀራውን መቀማት ፍቅር አይባልም።

ለአንባቢዎች የምንለው ግን አንድ ነው። የሰማ ሰው ሰምቶአልና አይናቅ፤ ያነበበም ሰው አንብቦአልና አይመካ። ነገር ግን መጽሐፉን በሌላ ሰው ድምፅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ድምፅ ጋር ሊከራከር አይችልም፤ የሚከራከርበት ገጽ በእጁ የለምና። ጃንደረባው ፊልጶስን ሊጠይቅ የቻለው መጽሐፉ በፊቱ ተገልጦ ስለ ነበረ ነው። ማናቸውም ትረካ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በቤታችን ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፉ አይጥፋ፤ ልጆቻችንም የሰሙትን ቃል በፊደሉ ፈልገው ለማግኘት፥ አግኝተውም «አንድም» ለማለት የሚችሉ ይሁኑ።